ጳጉሜን 3 የተወለደች ልጅ

ዛሬ ከፊቴ የተሰለፈች እናት የልጇን የልደት ምስክር ወረቀት ልታወጣ ነበር። ጸሐፊው በወር ቦታ 13 ብሎ ጻፈ፤ ኮምፒውተሩ አልቀበልም አለ። ደግሞ ሞከረ። ከዚያ በትሕትና፣ «እህቴ፣ መስከረም 1 ብዬ ልሙላው?» አላት።

የክትባት ካርዱን ከነጠላዋ ጫፍ ፈታ አወጣች። እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል፤ «ጳጉሜን 3» የሚለው ግን በሰማያዊ እስክሪብቶ ጎልቶ ይነበባል። አውራ ጣቷን ከሥሩ አድርጋ፣ «ይኸው ተጽፏል እኮ» አለች። ልክ ናት። መስከረም 1 ቢባል ቀኑ ብቻ ሳይሆን ዓመተ ምሕረቱም ይለወጣል!

ሥራዬ የመረጃ ቋት (ዳታቤዝ) መገንባት ስለሆነ ነገሩ አንገበገበኝ። መፍትሔው ከታወቀ ቆይቷል። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ማይክል ስቶንብሬከር ኢንግረስ የተባለውን የመረጃ ቋት ሥርዓት ሠርተው ሳለ አንድ የቦንድ ነጋዴ የቀን ስሌቱ አይሆነኝም አላቸው፤ በእርሱ ሥራ ወር ሁሉ 30 ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ቀጣዩ ቋት፣ ፖስትግረስ፣ ተጠቃሚው የራሱን የመረጃ ዓይነት፣ ከነስሌቱና ከነአደራደሩ፣ እንዲጨምርበት ተደርጎ የተነደፈ ነው። ፖስትጂአይኤስ የተባለው የፖስትግረስ ተቀጥላ ፕሮግራም የካርታ መረጃን ያስገባው በዚሁ በር ነው። 12 ወር ባለ 30 ቀን፣ አንድ ወር ባለ 5 ወይም 6 ቀን ያለው የእኛ አቆጣጠርስ በዚህ በር ለምን አይገባም? የቀን ሕጉን አንድ ጊዜ በቋቱ ውስጥ ማኖር እየተቻለ በየመሥሪያ ቤቱ ለየብቻ እንጠጋግነዋለን።

እናትየዋ ነገ እንድትመለስ ተነገራት። ካርዱን በጥንቃቄ አጥፋ መልሳ ቋጠረችው።