ከቱሉ ዲምቱ እስከ ዝዋይ የወይን እርሻ፣ በኪራይ መኪና

ሰው ሁሉ ዝዋይን የሚያውቃት አሳ በልቶ ወደ ሀዋሳ ወይ ላንጋኖ የሚያልፍባት ከተማ አድርጎ ነው። እኔ ግን ዝዋይ፣ አሁን ባቱ የምንላት ማለት ነው፣ ራሷን የቻለች መሄጃ ናት ባይ ነኝ፣ በተለይ መኪና ተከራይታችሁ ድንኳን ጭናችሁ ከሄዳችሁ።

ሀሳቡን ያመጣችው ከአውስትራሊያ የመጣች የአክስቴ ልጅ ናት። እነሱ ጋ ከፐርዝ ወደ ደቡብ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረድ ሲባል ማርጋሬት ሪቨር የሚባል ባህር ዳር ያለ የወይን ሀገር አለ፣ እና ካራቫን፣ ያ በመኪና የሚጎተተው ቤት፣ እሱን ካምፕ ላይ ያቆሙና ትንሽ መኪና ተከራይተው ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው ሲዞሩ ይውላሉ፣ ካራቫን እየጎተቱ እያንዳንዱ እርሻ መግባት መከራ ነዋ። የዛ አካባቢ የወይን ኢንዱስትሪ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው፣ ሩቅ አይደለም። እና እኛስ ለምን አንሞክረውም አለች፣ ካራቫን ባይኖረንም ድንኳን አለን፣ ባህር ባይኖረንም ሀይቅ አለን።

ቱሉ ዲምቱ መኖር ከከተማው ራቀ እየተባለ ይወራል፣ ለእንደዚህ አይነት ጉዞ ግን ከኛ ሰፈር የተሻለ የለም። የአዳማው ፈጣን መንገድ መግቢያ እዚሁ አጠገባችን ነው፣ ካርድ ተቀብለህ ገባህ በቃ፣ ጠዋት በትራፊኩ ፒያሳ እስክትደርስ ሞጆ ትደርሳለህ። ከሞጆ በኋላ አዲሱ መንገድ እያለ ሆን ብለን የድሮውን ያዝን፣ ቆቃ፣ አለም ጤና፣ መቂ እያልን፣ ዳር ዳሩን ቲማቲም ሽንኩርት ሐብሐብ ተደርድሮ ሲሸጥ እያየን፣ እያቆምን እየገዛን።

መኪናዋ ቪትዝ ናት፣ ከነሹፌሯ ነው የተከራየናት፣ እዚህ ላይ ደሞ አልደራደርም። ወይን ልትቀምሱ እየሄዳችሁ እኔ እነዳለሁ የሚባል ነገር የለም፣ ሹፌሩ ከጠዋት እስከ ማታ ውሀና ቡና ብቻ ነው የጠጣው። ከመነሳታችሁ በፊት ኢንሹራንሱን፣ ቦሎውን፣ ትርፍ ጎማና ክሪኩን እዩ፣ ነዳጅና የሹፌር አበል በማን እንደሆነም ተነጋገሩ።

እርሻው የካስቴል ነው፣ የቢጂአይ ባለቤት የሆነው የፈረንሳይ ድርጅት። ለጉብኝት ቀድማችሁ ማስፈቀድ አለባችሁ፣ ዝም ብሎ በር ማንኳኳት አያዋጣም። ችግኙ ከቦርዶ ነው የመጣው፣ የመጀመሪያው ወይን ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014፣ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሻርዶኔ ሁሉም አለ። የገረመኝ እንዴት እዚህ ይበቅላል የሚለው ነው፣ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን እኮ። ማርጋሬት ሪቨርን የሚያቀዘቅዘው ባህሩ ነው፣ ዝዋይን ግን ከፍታው፣ 1,600 ሜትር በላይ ስለሆነ ቀኑ ቢያቃጥልም ማታ ይበርዳል። ክረምቱም እንደነሱ አያስተኛውም፣ ስለዚህ ዛፉን መቼ ቅጠል እንደሚያወጣ መቼ እንደሚያፈራ የሚወስነው መግረዙ ነው። ረድፉ መሀል ገብታችሁ ጎንበስ ብትሉ ጥቁሩ የመስኖ ቱቦ ከእያንዳንዱ ግንድ ስር ጠብ ጠብ ሲያደርግ ታያላችሁ፣ አፈሩ እዛች ጋ ብቻ ጠቁሮ ርሷል፣ ሌላው አሸዋማና ደረቅ። ዙሪያውን ደሞ ቦይ ተቆፍሯል፣ ጉማሬና ጅብ ገብቶ ወይኑን እንዳይጨርሰው!

እኛ ቤት ወይን ማለት የበዓል አክሱሚት ነበር፣ ጣፋጩ። ሪፍት ቫሊ የሚባለው የዚህ እርሻ ቀይ ወይን ደረቅ ነው፣ ስኳር የለውም፣ መጀመሪያ ያኮማትራል፣ ከምግብ ጋር ግን ሌላ ነው። ጣፋጭ የለመደ ሰው በአኬሽያ፣ ለስለስ ባለው በሌላው ወይናቸው፣ ይጀምር።

ሀይቁ ዳር ያለው የአሳ ነገር ብቻውን ያስኬዳል። ልጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን አሳ በደቂቃ ቆዳውን ገፈው ሲበልቱ አባ ኮዳ የሚባሉት ሰው የሚያክሉ ወፎች ዙሪያውን ቆመው ይጠብቃሉ፣ አንጀቱ ሲወረወር ምንቃራቸው ቀጭ ሲል ይሰማል። ጥብሱን በዳጣ በሉት፣ ነጩ ወይን የሚሄደው ከዚህ ጋር ነው።

ድንኳናችንን የተከልነው አንድ ሎጅ ግቢ ውስጥ አስፈቅደን ነው። ጥበቃው አባባ «ልጆቼ፣ ከመሸ ወደ ውሀው እንዳትወርዱ፣ ጉማሬው ለግጦሽ ይወጣል» አሉን፣ እውነታቸውን ነው፣ ሌሊቱን ሲያጓራ ሰማነው።

ጠዋት በጀልባ ደሴቶቹ ጋ መሄድ ይቻላል፣ አምስት ናቸው። ቱሉ ጉዶ የማርያም ጽዮን ገዳም ያለበት ነው፣ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን እዚህ ተሸሽጎ ነበር የሚል ትውፊት አለ፣ የዛይ ህዝብም እስከዛሬ እዛ ይኖራል። ሩቅ ስለሆነ በጠዋት ውጡ፣ ከሰአት ንፋሱ ይነሳል።

ዝዋይ ላይ ግን እንዳትዋኙ፣ ቢልሃርዚያ አለበት። መዋኘት ካማራችሁ መኪናዋን አንድ ቀን ጨምራችሁ ላንጋኖ ዝለቁ፣ ውሀው ቡናማ ነው ግን ይዋኙበታል።