ጎንደር ላይ አንዴ እንኳን ሳይጫወት ሻምፒዮን የሆነው ቡድኔ

ሰሞኑን ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ቡድኔ ፋሲል ከነማ ሻምፒዮን ስለሆነበት ስለ 2013ቱ የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ እያወራን "ተወው ባክህ፣ እሱማ የኮሮና ዋንጫ ነው" ሲለኝ ውስጤ ቅጥል አለ። እዛው መልሼለታለሁ ግን አልወጣልኝም፣ እስቲ እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በ2011 እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ዋንጫውን ተናንቆ መቐለ 70 እንደርታ ነው የወሰደው። ያን ቀን አባቴ ራት አልበላም። ከዛ 2012 ላይ ደግሞ ቡድናችን ጥሩ እየሄደ እያለ መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ተገኘ ተባለ፣ ሊጉ ቆመ፣ ትንሽ ቆይቶ ጭራሽ ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። ያ ሁሉ ነጥብ ውሃ በላው። ስለዚህ ታኅሣሥ 3 ቀን 2013 ሊጉ እንደገና ሲጀመር እኛ ቤት የነበረውን ጉጉት ንገረኝ ብትሉኝ መናገር አልችልም።

ግን የተጀመረው ሊግ የምናውቀው አልነበረም። በየከተማው መዞር ቀርቶ ቡድኖቹ በሙሉ አንድ ከተማ ገብተው ሆቴል ይከርማሉ፣ ይመረመራሉ፣ ይጫወታሉ፣ ከዛ ተሰብስበው ወደ ሌላው ከተማ ይሄዳሉ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ጎንደር የለችበትም። ለደጋፊም በሩ ዝግ ሆኖ ነው የተጀመረው። በዛው ዓመት ደግሞ ሊጉ ለመጀመሪያ ጊዜ በሱፐርስፖርት በቀጥታ መተላለፍ ጀመረ፣ እና እኔ ያጠራቀምኩትን ይዤ ሄጄ ለአባዬ ሱፐርስፖርት የሚታይበትን ዲኤስቲቪ አስገባሁለት።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ሳሎን ውስጥ ሻርፑን አንገቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሃያ ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ "ልምምድ ነው እንዴ የሚያሳዩን?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ጭብጨባ የለ፣ ጭፈራ የለ፣ ኳስ ስትመታ ዷ የሚለው ድምፅና የአሰልጣኞቹ ጩኸት ብቻ ነው የሚሰማው። ልነሳ ነው ሲል አንድ ነገር ሰማና ቀጥ አለ። "ስማ! ስማ! ያሬድ ነው!" ያሬድ ባየህ ከኋላ ሆኖ ተከላካዮቹን እየጮኸ ሲያስተካክል በግልፅ ይሰማል። አባዬ ስንት ዓመት ሙሉ ፋሲለደስ ስታዲየም እየገባ የካፒቴኑን ድምፅ አንድ ቀን ሰምቶት አያውቅም። ከዛን ቀን በኋላ ፋሲል ሲጫወት ቤት ውስጥ ማንም ትንፍሽ እንዲል አይፈቅድም፣ እናቴ እንኳን ቡና የምትወቅጠው በእረፍት ሰዓት ሆነ።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ዋንጫው በቀላሉ ነው የተገኘው ባይ ነው። እኔ ደግሞ እላለሁ፣ ከዛ ዓመት በላይ ሻምፒዮን መሆን የከበደበት ጊዜ የለም። እኛ የራሳችንን ሜዳ ተነጥቀናል፣ ደጋፊውንማ ሁሉም ቡድን ተነጥቋል፣ ጭንቅ ሲመጣ የሚያነሳህ ሕዝብ የለም፣ ተጫዋቹ ወር ሙሉ ከልጆቹ ተለይቶ ሆቴል ነው የሚያድረው፣ ምርመራው ደግሞ ማንን እንደሚያስቀርብህ አታውቅም። አሰልጣኛችን ሥዩም ከበደ ያንን ቡድን ሳይበተን ይዞ ከዳር ማድረሱ ለእኔ ትልቅ ሥራ ነው። ሱራፌል ዳኛቸው መሐል ላይ ኳሷን ሲይዝ ባዶው ስታዲየም የሞላ ነበር የሚመስለኝ። ፉክክር አልነበረም የሚል ሰው ደግሞ አቡበከር ናስርን ይጠይቅ፣ ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አስቆጠረ፣ በአንድ የውድድር ዘመን ከሱ በፊት ማንም እዛ አልደረሰም። አባዬ ቡና ሲጫወት "ይሄ ልጅ ከዚህ አገር ይወጣል" ይል ነበር፣ ልክ እንዳለውም በኋላ ደቡብ አፍሪካ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ገባ።

አንድ ነገር ግን ዘልዬው ማለፍ አልችልም። ሊጉ ሲጀመር 13 ቡድን ብቻ ነበር የቀረው፣ የትግራይ ቡድኖቹ መቐለ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረ በትግራዩ ጦርነት ምክንያት አልነበሩም። በ2011 ዋንጫውን የወሰደብንን ቡድን ሜዳ ላይ ገጥመን ማሸነፍ ነበር የምፈልገው። እነዛ ልጆች ያን ጊዜ የት እንዳሉ፣ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳናውቅ ነው እኛ ነጥብ ስንቆጥር የነበረው፣ ይሄ ዛሬም ድረስ ይከብደኛል።

ሐዋሳ ላይ ዋንጫው ሲነሳ፣ በታሪካችን የመጀመሪያው የሊግ ዋንጫ ነው፣ አባዬ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሞ አለቀሰ። ከዛ ሻርፑን አውልቆ አጥፎ ሶፋው ላይ አስቀመጠና "እዚህ ቢሆን ኖሮ" አለ፣ ሌላ ምንም አልተናገረም።

የሚያናድደኝ እሱ ነው። በኮሮና ምክንያት ለጊዜው የመጣው አንድ ከተማ ተሰብስቦ የመጫወት አሠራር ኮሮናው ከተረሳም በኋላ ቀጠለ። ለቴሌቪዥን ይመቻል፣ ሜዳው የተሻለ ነው ይባላል፣ ይገባኛል፣ ድሮ ከሜዳ ውጭ ሲኬድ የነበረው የድንጋይ ውርወራና ስጋትም መቅረቱ ጥሩ ነው፣ እኔ ራሴ አንዴ ከመኪና ስር ተደብቄ አውቃለሁ። ግን ጨዋታ ባለበት ቀን በስታዲየሙ ዙሪያ ሻርፕና ቆሎ ሸጦ የሚያድር ሰው ነበር፣ ጀበናዋን አስቀምጣ ቡና የምታፈላ ነበረች፣ እነሱን ማን አሰባቸው?

ስታዲየሙ በር ላይ ቆሎ የሚሸጡ አንዲት እናት አሁንም እዛው አካባቢ አሉ። በቀደም ከአባዬ ጋር ስናልፍ "ጋሼ፣ መቼ ነው እዚህ የሚጫወቱት?" አሉት።

"በሚቀጥለው ዓመት ነው የሚሆነው" አላቸውና የማይበላውን የሃያ ብር ቆሎ ገዛቸው። አምናም እንደዚሁ ነበር ያላቸው።