ተረከዝ ማየት የለመደ ዓይን

እሁድ ዕለት እንጦጦ ላይ ከዘጠኙ የኦሪየንቲሪንግ ምልክቶች ስምንቱን አገኘሁ። ቤት ገብቼ ስናገር "እና ምን ይሁን?" ተባልኩ። እናንተ ግን ይገባችኋል። ከወር በፊት እዚያው ጫካ ሦስት ብቻ አግኝቼ፣ አራተኛውን ፍለጋ አንድ ሰዓት ተንከራትቼ፣ አንገቴን ደፍቼ በታክሲ ሽሮ ሜዳ የወረድኩ ሰው ነኝ።

ኦሪየንቲሪንግ ለማታውቁ ባጭሩ፦ ካርታና ኮምፓስ ይዞ መሮጥ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ስፖርት አድርገው ያስፋፉት ስዊድኖች ናቸው። ጫካ ውስጥ ብርቱካናማና ነጭ ምልክቶች ይሰቀላሉ። ካርታው ላይ በክብ ተከብበው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። በተራ ታገኛቸዋለህ፤ በየት በኩል እንደምትሄድ ግን ማንም አይነግርህም። የእኛ ምልክት ብርቱካናማ ፌስታል ነው። ካርታውን ጓደኛዬ ኦፕን ስትሪት ማፕ ከሚባለው ነፃ የኢንተርኔት ካርታ ተነስቶ፣ በእግሩ እየዞረ እያረመ ነው የሠራው። መጠኑ 1፡10,000 ነው፤ ካርታው ላይ አንድ ሳንቲሜትር ማለት መሬት ላይ 100 ሜትር ነው።

የሳምንቱ መጀመሪያ ብዙ ወሬ የለውም። ሰኞ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሃምሳ ደቂቃ ቀላል ሩጫ። የጥቅምት ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ማክሰኞ ዳገት፣ ስምንት ጊዜ። ረቡዕ ሥራ አመሸሁና ምንም አልሠራሁም። ማስታወሻዬ ላይ "እረፍት" ብዬ ጻፍኩ።

ስለ ኮምፓሱ ግን ላውራ፣ ብዙ አቃጥሎኛል። የአክስቴ ልጅ ከስቶክሆልም የላከልኝ ነው። ጥሩ ዕቃ ነው። እዚህ ግን መርፌው ይንቀረፈፋል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይቆማል። ወር ሙሉ "እጄ ይንቀጠቀጣል" እያልኩ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ። ለካ ችግሩ የኮምፓሱ አገር ነው። ወደ ሰሜን ዋልታ በቀረብክ ቁጥር የምድር መግነጢስ የመርፌውን ሰሜን ጫፍ ወደ መሬት ይጎትተዋል። ሠሪዎቹ ሚዛን እንዲጠብቅ ብለው ደቡቡን ጫፍ ያከብዱታል። በእኛ አገር ግን የመግነጢስ ወገብ የሚባለው ስለሚያልፍ ያ ወደ ታች የሚጎትት ኃይል የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የከበደው ጫፍ ይዘቀዝቅና ከሥሩ ያለውን ፕላስቲክ ይነካል። እኔ አሁን ትንሽ ዘንበል አድርጌ እይዘዋለሁ። እናንተ ስትገዙ ጤፉ የየት ነው ብላችሁ እንደምትጠይቁት፣ ኮምፓሱም የየት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ለሁሉም የዓለም ክፍል የሚሠራ አለ።

በነገራችን ላይ "እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በደቡብ ናት" የሚሉትን የፈረንጅ ቪዲዮዎች በጭፍን አትመኑ። ለአሁኑ ለጥቅምት ይሠራል። እኛ አገር ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ግን የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት።

የኮምፓሱ ችግር ከተፈታ በኋላም ሐሙስ ጠፋሁ። የጠፋሁት ደግሞ በራሴ ጥፋት ነው።

ከጠዋቱ 12:30 ጀመርኩ። ጉም ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቁጥርን አገኘሁ፤ ደስ አለኝ። ወደ አራት እየሄድኩ ሳለ ከባሕር ዛፉ መሃል የእግር ኮቴ ሰማሁ። አትሌቶች ናቸው፣ አሥራ ሁለት የሚሆኑ። አንዱ ከፊት ይመራል፤ ሌሎቹ ተረከዙን እያዩ በዛፎቹ መሃል ይጠማዘዛሉ። እሱ ሲዞር ይዞራሉ፤ እሱ ጉቶ ሲዘል ይዘላሉ። ሲያዩት ያምራል። እኔም ያደግኩት እንደዚያ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ ጃንሜዳ ስሮጥ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር "ከፊትህ ያለውን ተረከዝ እይ፣ ሌላ አታስብ" የሚል ነው። ክለብ መግባቱ አልተሳካልኝም፤ ትምህርቱ ግን ደሜ ውስጥ ቀርቷል።

ሳላስበው እግሬ ሰልፉ ውስጥ ገባ። አምስት ደቂቃ፣ ምናልባት ስምንት። ከዚያ ፍጥነት ጨመሩ። እኔ በዚያ ከፍታ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ትንፋሼ አለቀ። ጉሙ ዋጣቸው። ብቻዬን ቀረሁ።

ካርታውን አወጣሁ። የጉድ ጉድ፣ ሁሉም ነገር ልክ መጣልኝ! ቀኜ ላይ ሸንተረር አለ፤ ካርታው ላይም ሸንተረር አለ። ፊቴ መንገድ አለ፤ ካርታው ላይም መንገድ አለ። አሁን ሳስበው የሆንኩበትን ቦታ አይደለም ያነበብኩት፤ መሆን የፈለግኩበትን ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ ይህን በደንብ ያዙልኝ፦ የጠፋ ሰው ካርታ ሲያይ መሬቱን ከካርታው ጋር አያስማማም፣ ካርታውን ከልቡ ጋር ነው የሚያስማማው።

ያ መንገድ ደግሞ መንገድ አልነበረም። እንጦጦ ላይ እንጨት የሚለቅሙ እናቶችና አህዮች በየጊዜው አዲስ ቀጭን መንገድ ያወጣሉ፤ አሮጌው ይዘጋል። ካርታ ሊከተላቸው አይችልም። ጫካውም አያግዝም። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተተከለ ባሕር ዛፍ ነው፤ አንዱ ሲቆረጥ ከጉቶው አራትና አምስት ያቆጠቁጣል። አምና ገላጣ የነበረው ዘንድሮ ጥቅጥቅ ይላል። የማይቀያየረው የመሬቱ ቅርፅ ብቻ ነው፦ ሸንተረሩ፣ ሸለቆው፣ ፈፋው። እኔ ግን መንገዷን ይዤ ወረድኩ። እግር የረገጠው ነገር ሳይ እከተላለሁ፣ በቃ።

አንዲት ትንሽ ፈፋ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ከታች ቀጭን ውሃ አለ። ኮምፓሱን ዘንበል አድርጌ ያዝኩት። ውሃው ወደ ሰሜን ነው የሚወርደው። እንደገና አየሁ። ወደ ሰሜን ነው።

የእንጦጦ ሸንተረር ውሃ ከፋይ ነው። ወደ ከተማው የሚወርደው አዋሽ ይገባል፤ ወደ ሱሉልታ የሚወርደው በሙገር በኩል ዓባይ ይገባል። አራተኛው ምልክቴ በከተማው በኩል ነበር። ወደ አዋሽ ልሄድ ተነስቼ የዓባይ ተፋሰስ ውስጥ ቆሜያለሁ። ከአትሌቶቹ ኋላ ሆኜ ሸንተረሩን ተሻግሬዋለሁ፤ አላወቅኩትም።

አንዲት እናት እንጨት ተሸክመው ጎንበስ ብለው መጡ።

"ምን ጠፋህ ልጄ?"

"ፌስታል እየፈለግኩ ነው እናቴ።"

"እዚህ ድረስ? ሰፈራችሁ ፌስታል የለም?"

ምን ልበል። "ማርያም በየት በኩል ናት?" አልኳቸው። በአገጫቸው አሳዩኝ፤ በጀርባዬ በኩል ነበረች። ያን ቀን አራት ቁጥርን ሳላገኝ ተመለስኩ።

አርብ አልሮጥኩም። ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በጣቴ ሄድኩበት። ቅዳሜ ጓደኛዬ አንድ ነገር አስገደደኝ፦ ከእያንዳንዱ ምልክት ሳልነሳ ጉዞዬን ጮክ ብዬ መናገር። "ሸንተረሩን በግራ ይዤ፣ ሁለት ፈፋ ተሻግሬ፣ ሦስተኛው ፈፋ አናት ላይ።" መንገድ የሚል ቃል መጥራት ክልክል ነው። መጀመሪያ ያሳፍራል፤ እረኛ ይስቅብሃል። ግን ሠራ። አፌ የተናገረውን ዓይኔ ይፈልጋል። ሁለት ፈፋ ብዬ አራተኛ ላይ ከደረስኩ ያለ ክርክር አልፌያለሁ ማለት ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ጠንቀቅ በሉ፤ የኛ ካርታ የኮንቱር መስመሮቹ፣ ማለትም የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳዩት፣ ከሳተላይት መረጃ የመጡ ስለሆኑ ትንንሽ ጉብታ አያሳዩም። ትልልቁን ብቻ እመኑ።

እርምጃ ቆጠራ የሚባለውን፣ የሄድከውን ርቀት በእርምጃ መለካቱን፣ ሁሉም ያወድሰዋል። እኔ ትቼዋለሁ። ሜዳ ላይ 100 ሜትር በቀኝ እግሬ አርባ ሁለት ነው። እንጦጦ ዳገት ላይ ስልሳ ይሆናል፤ ሰላሳ ላይ ስደርስ ደግሞ ትንፋሽ ያጥረኝና ቁጥሩ ይጠፋብኛል። የሚችል ይቁጠር። ጂፒኤስ ሰዓት ያደረጋችሁ ግን እባካችሁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱት፤ ቤት ገብታችሁ የት እንደጠፋችሁ እዩበት። እጅ ላይ ካለ እሱም ያው ተረከዝ ነው። ስልክ ያዙ፣ ለአደጋ። ብቻችሁን በጣም ማልዳችሁ አትውጡ፤ ጅብ አለ፣ ውሻም አለ። እኔ 12:30 መውጣቴን ረስታችሁ ስሙኝ።

አሁን ስለ እሁዱ ስምንት እውነቱን ልናገር። ስድስቱን በሥርዓት አገኘሁ፣ እየተናገርኩ፣ ቀስ ብዬ። አምስተኛው ላይ ትንሽ ዕድል አግዞኛል። ሰባተኛው ግን ያው ነው። ደርቆ አቧራ በሆነው መሬት ላይ የጫማ ዱካ አየሁ። የሶሉን ቅርፅ አውቀዋለሁ፤ ምልክቶቹን የሰቀለው የጓደኛዬ ጫማ ነው። ካርታውን አጠፍኩና ተረከዙን ተከትዬ ቀጥ ብዬ ፌስታሉ ጋ ደረስኩ። እሱ ይህን እስኪያነብ ድረስ አያውቅም።

ዘጠነኛው ካርታው ላይ ያለበት ቦታ ላይ አልነበረም። ዛፉ አለ፣ ክሩ አለ፣ ፌስታሉ የለም። ሃያ ደቂቃ ዞርኩ። ወደ ታች ስወርድ ገላጣው ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ኳሷ የካልሲ ናት፤ በቀዳዳው በኩል ብርቱካናማ ነገር ብቅ ይላል። አንዱ ወደ እኔ መታት፣ መለስኩለት።

ጓደኛዬ አይቆጠርልህም ይላል።