ሰነዱ «መስማት፦ ጤናማ» ይል ነበር

ልጄ አፏን ሳትፈታ ሁለተኛ ዓመቷን ስትደፍን፣ በእጃችን የነበረው የሕክምና ሰነድ «መስማት፦ ጤናማ» የሚል መስመር ሰፍሮበት ነበር። መስመሩ ስሕተት ነበር፤ ከተጻፈበት ቀን አንሥቶ ስሕተት መሆኑ በምርመራ እስኪታወቅ ድረስ ግን አንድ ዓመት ሙሉ አለፈ። ይህን የምጽፈው ሌላ ወላጅ ያን ያህል ጊዜ እንዳያባክን ነው። እኔን ቀድሞ የሚያስጠነቅቀኝ ሰው ባገኝ ኖሮ እያልሁ ዛሬም እቆጫለሁ።

የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች በአጭሩ ልለፋቸው። በ18 ወሯ የምትናገራቸውን ቃላት በደብተር መዝግቤ ስቆጥር ስድስት ሆኑ፤ «እማ»፣ «አባ»፣ «ና»፣ «ውው»፣ ለኳስ «ኳ»፣ ለበቃ «ባ»። አንድ ድምፅ እንደ ቃል እንዲቆጠር በትክክል መጠራት የለበትም፤ ልጁ ማንም ሳያስመስለው፣ አስቦበት፣ ሁልጊዜ ለዚያው ነገር ከተጠቀመበት በቂ ነው። በቤታችን ሁለት ቋንቋ ስለሚነገር ቃላቱን ከሁለቱም ደምሬአለሁ። በኋላ አንድ ባለሙያ አንደኛውን ቋንቋ እንድንተው መክሮን ነበር፤ አልሰማነውም፤ ባለመስማታችንም ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ሁለት ቋንቋ ማደመጥ ንግግርን አያዘገይም። ለኦቲዝም ምልክቶች የሚያገለግለውን ኤም-ቻት የተባለ ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅም ሞላን፤ በጣቷ ትጠቁም፣ ያየችውን ልታሳየን ትጎትተን፣ ዓይናችንን እያየች ትስቅ ስለነበር አሳሳቢ ነገር አልተገኘም። ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ሐኪሙ ከኋላዋ ቆሞ አንድ ጊዜ በኃይል አጨበጨበ። ልጄ ዞረች። «ትሰማለች» አለና ጻፈ። ታላቅ ወንድም እንዳላት ስነግረው ደግሞ «እሱ ስለሚናገርላት ነው፤ ሁለት ዓመት እስኪሞላት ይጠብቁ፤ አይስጉ» አለኝ። ሁሉም ነገር ከሁለት ደቂቃ አልበለጠም። በሐኪሙ እስከ ዛሬ ቅር ቢለኝም ጥፋቱን ሁሉ በእሱ ላይ መጫን አልችልም፤ ምክንያቱም በዚያች ቀን ቤት ስገባ፣ ልጄ በተወለደች በሁለተኛው ቀን የተደረገላትን የመስማት ምርመራ ወረቀት አውጥቼ «አልፋለች» የሚለውን ቃል ደጋግሜ ያነበብሁት፣ ራሴንም ያሳመንሁበት እኔው ነኝ። ባለቤቴ በተጠራጠረ ቁጥር ያንን ወረቀት እያሳየሁ ዝም አሰኘው ነበር።

ያን ጊዜ ያላወቅሁት ነገር ይህ ነው። ለጨቅላ ሕፃን የሚደረገው ምርመራ የሚነግረን በዚያን ቀን ስላለው መስማት ብቻ ነው፤ ከዓመት በኋላ ስለሚሆነው ምንም አይናገርም። ጭብጨባ ደግሞ ከነጭራሹ የመስማት ምርመራ አይደለም። ድምፁ ከንግግር በብዙ እጥፍ ይበረታል፤ እጅ ሲንቀሳቀስ ጥላ ይታያል፤ የአየሩ ንቅናቄ አንገትን ይነካል፤ መስማቱ የቀነሰ ልጅም ዞሮ ያያል። የልጄ ችግር በመካከለኛው ጆሮዋ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ ነበር። ይህ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ጉንፋንን ተከትሎ ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ ይቀራል፤ ትኩሳት የለውም፤ በአብዛኛው ሕመምም የለውም፤ ልጁ አያለቅስም፤ ጆሮውም ከውጭ ሲታይ ንጹሕ ነው። ነገር ግን ታምቡሩ እንደሚገባው አይርገበገብም፤ ስለዚህ ልጁ ጭንቅላቱን ውኃ ውስጥ ነክሮ እንደሚያዳምጥ ሰው ይሆናል። ድምፅ ይሰማል፤ ቃል ግን አይለይም። ከሁሉ በፊት የሚጠፉት እንደ ስ፣ ፍ፣ ት እና ሽ ያሉት ደካማ ድምፆች ናቸው፤ እንደ አ እና ኦ ያሉት ጎላ ብለው ይደርሳሉ። «መጣሽ» እና «መጣህ»፣ «ቤትሽ» እና «ቤትህ» የሚለያዩት በቃሉ ጫፍ ላይ ባለች አንዲት ደካማ ድምፅ ስለሆነ፣ ያቺ ድምፅ ስትጠፋ ለልጁ የሚደርሰው የንግግሩ ዜማ ብቻ ነው።

ደብተሬን መልሼ ሳየው ምልክቱ እዚያው ነበር። ኳስ «ኳ» ነበረች። ብዙ ልጆች በ18 ወራቸው የቃል መጨረሻ ስለሚጥሉ ይህ ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ በሁለት ዓመቷም ግን ከጨመረቻቸው ቃላት በአንዱ እንኳ ስ ወይም ሽ አልነበረም። ስንናገራት ዓይኗ ከአፋችን አይነቀልም ነበር። ከሌላ ክፍል ስጠራት አንድ ቀን ሮጣ ትመጣለች፤ በማግሥቱ አሥር ጊዜ ብጠራት ቀና አትልም። እኛም «ሲያሻት ትሰማለች» እንል ነበር። ፈሳሹ ሲጨምርና ሲቀንስ መስማትም አብሮ ከፍና ዝቅ እንደሚል የነገረን አልነበረም። እየተጠራች ዝም አለች ብዬ የተቆጣኋት ብዙ ቀን አለ፤ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ በጣም የሚያመኝ ይህ ነው።

ሁለት ዓመት ሲሞላት የቃላቷ ቁጥር 11 ነበር፤ ሁለት ቃል አገጣጥማም አታውቅም። በዚህ ዕድሜ ከ50 ቃላት በታች ያለውና ሁለት ቃል የማያገጣጥም ልጅ በባለሙያ ሊታይ እንደሚገባው አንብቤ ስለነበር፣ ተመልሼ ሄጄ ወደ ንግግር ቴራፒስት እንድንላክ ጠየቅሁ። ተላክን። የመስማት ምርመራም ይታዘዝላት ስል ግን «እሱማ ታይቷል» ተባልሁ። ሪፈራል ወረቀቱም ያንኑ መስመር ገልብጦ «መስማት፦ ጤናማ» ይላል። ወደ ጆሮ ክፍል በራሴ ሄጄ ቀጠሮ ስጠይቅ፣ ቀጠሮ የምትሰጠው ሠራተኛ ወረቀቱን አንብባ «ጤናማ ከሆነች እዚህ ምን ያመጣታል?» አለችኝ፤ አስቸኳይ ካልሆኑት ተራ መደበችንና አራት ወር ጠበቅን። አንድ ሰው በጭብጨባ የጻፈውን መስመር ሁለተኛው ገለበጠው፤ ሦስተኛዋ አመነችው፤ በመሣሪያ የመረመራት ግን ማንም አልነበረም። ያን ዕለት መጠየቅ የነበረብኝ «በየትኛው መሣሪያ ተለካ? በስንት ዴሲቤል? ውጤቱስ የታለ?» ብዬ ነበር፤ ዴሲቤል የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ ነው። እኔ ግን አመስግኜ ወጣሁ። ጨዋ መሆን ከልጄ የበለጠብኝ ይመስል፣ ለምን እንዳመሰገንሁ አሁንም አይገባኝም።

አራት ወር የጠበቅነው ቀጠሮ የተያዘው ልጄ በምትተኛበት ሰዓት ነበር። ሰዓቱ እንዲቀየር ብጠይቅ ተራችን ይሄዳል ብዬ ስለፈራሁ ዝም አልሁ። ደክሟት ገባች፤ ጆሮዋ ላይ ሊደረግ የተዘጋጀውን ነገር ስታይ ጮኸች፤ መርማሪዋም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ «አልተቻለም» ብላ ጻፈችና እንደገና ወረፋ እንድንይዝ ላከችን። ሌላ ሁለት ወር። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ልጁ በሚነቃቃበት ሰዓት ካልሆነ ቀጠሮውን አትቀበሉ፤ ቢቆጧችሁም አትቀበሉ። ከዚያ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል በቤት ውስጥ ጆሮውን በመነካካትና በአሮጌ ማዳመጫ በመጫወት አለማምዱት። እኛ እንዲህ ካደረግን በኋላ ሁለተኛው ምርመራ ያለ ልቅሶ አለቀ።

ምርመራው ራሱ ቀላል ነው። ጭኔ ላይ ተቀመጠች፤ ድምፅ በወጣበት አቅጣጫ ስትዞር መብራት የሚበራበት አሻንጉሊት ይታያታል፤ መርማሪዋም ድምፁን እየቀነሰች የምትዞርበትን ዝቅተኛ መጠን መዘገበች። ከ35 ዴሲቤል በታች ስትወርድ ልጄ መዞር አቆመች። ሹክሹክታ ወደ 30 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ ማታ ማታ በጆሮዋ ሹክ የምላት ሁሉ አልደረሳትም ማለት ነው። ቀጥሎ ቲምፓኖሜትሪ በተባለው መሣሪያ ታምቡሯ ለአየር ግፊት እንዴት እንደሚመልስ ተለካ። ጤናማ ጆሮ መሐሉ ላይ ተራራ የመሰለ መስመር ያወጣል፤ የልጄ በሁለቱም ጆሮ ዝርግ ነበር። ሁለቱ ጆሮዎች ተለክተው ለመጨረስ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አላለፈም። አንድ ዓመት የጠበቅነው ለዚህ ነበር።

ፈሳሹ በራሱ ሊጠፋ ስለሚችል የተለመደው አሠራር ሦስት ወር ጠብቆ እንደገና መለካት ነው። ይህን መጠበቅ አልቃወምም፤ ተለክቶ፣ ቀን ተቆርጦለት መጠበቅና ሳይለኩ «አይስጉ» ብሎ መጠበቅ የተለያዩ ናቸው። ከሦስት ወር በኋላም መስመሩ ዝርግ ስለነበር፣ በ33 ወሯ በአጭር ቀዶ ሕክምና በሁለቱም ታምቡሮቿ ላይ አየር የሚያስገቡ ትናንሽ ቱቦዎች ተደረጉላት። በማግሥቱ የቧንቧ ውኃ ሲከፈት ደንግጣ ቀሚሴን ያዘች።

«ሁለት ዓመት ተኩል እስኪሞላው ጠብቁ» የሚሏችሁ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከልን የልጆች ዕድገት ሰንጠረዥ ይጠቅሳሉ፤ ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲያሻሽለው ወደ 50 የሚጠጉ ቃላት የሚጠበቁበትን ዕድሜ 30 ወር ላይ አድርጎታል። ሰንጠረዡ ግን የተሠራው 75 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ልጆች የሚደርሱበትን ደረጃ እንዲያሳይ ነው፤ እዚያ ያልደረሰ ልጅ ከብዙዎቹ ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት እንጂ ገና ጊዜ አለው ማለት አይደለም። ማዕከሉ ራሱም ጠብቆ ማየትን አይመክርም። ዘግይተው የሚናገሩ ብዙ ልጆች በራሳቸው እንደሚደርሱ እውነት ነው፤ የእናንተ ልጅ ከእነዚያ አንዱ መሆኑን ግን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ በ18 ወሩ ጥርጣሬ ካደረባችሁ በዚያው ሳምንት የመስማት ምርመራ ጠይቁ፤ የንግግር ባለሙያውንም ወረፋ በተመሳሳይ ቀን ያዙ። አንዱ እስኪያልቅ ሌላውን አትጠብቁ። እኛ ቱቦው እስኪገባ ቴራፒውን አላቆምንም፤ የንግግር ባለሙያዋም በመጀመሪያ ያስተማረችው እኔን ነው።

ለመማር ብዙ ነበረብኝ። «ይህ ምንድን ነው? ምን ትላለች? በይ እንጂ!» እያልሁ ልጄን ቀኑን ሙሉ ስፈትናት እውል ነበር። አንድ ጊዜም «ውኃ» ካላለች አልሰጥም ብዬ ኩባያውን ከፍ አድርጌ ያዝሁባት፤ እስኪደክማት አለቀሰች፤ ቃሉም አልወጣም፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ውኃ ፈልጋ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ወንድሟ ሄደች። ይህን ዘዴ የሚመክሯችሁን ሰዎች አትስሟቸው። ባለሙያዋ ያሳየችን የተለየ ነበር፤ ከልጅቷ ዓይን ትይዩ ዝቅ ብሎ መቀመጥ፣ የምታየውን ነገር መጥራት፣ ከዚያም ዝም ብሎ በልብ እስከ አሥር መቁጠር። ከሁሉ የከበደኝ ዝምታው ነው፤ ሦስት ላይ ስደርስ አፌ ይከፈታል። «ኳ» ስትል «ኳስ በይ» ብዬ አላርማትም፤ «ኳስ! ትልቅ ኳስ!» ብዬ አንድ ቃል እጨምርላታለሁ። ማንም የማያየው ቴሌቪዥን ጠፋ፤ መስማት ለቀነሰበት ልጅ የጀርባ ጫጫታ ንግግሩን ሁሉ ይውጠዋልና። በእጅ ምልክት መጠቀምም ጀመርን። ምልክት ንግግርን ያሰንፋል ብለው የሚያስፈራሩ ብዙዎች ነበሩ፤ በእኛ ቤት የሆነው ግን እጇን ዘርግታ «ጨምሪ» የሚለውን ምልክት ካሳየች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ «ምሪ» ማለቷ ነው።

ወንድሟን ዝም ለማሰኘት ሞክረን ነበር፤ «ለእሷ አትናገርላት» እያልን። ይህም የእኛ ስሕተት ነው። ታላቅ ወንድም መኖር የዚህን ያህል መዘግየት ምክንያት እንደማይሆን ካወቅን በኋላ ይቅርታ ጠየቅነው፤ ዛሬ ከእኛ ሁሉ ይልቅ በትዕግሥት የሚጠብቃት እሱ ነው።

ልጄ አሁን አራት ዓመት ሊሞላት ነው። በሙሉ ዓረፍተ ነገር ትናገራለች፤ ስ አሁንም አልፎ አልፎ ያዳግታታል፤ ቴራፒውም አልተቋረጠም። ከቱቦዎቹ አንዱ በራሱ ወድቋል፤ በየጊዜው እናስለካታለን፤ ጉንፋን ሲይዛት ከጀርባዋ ቆሜ በዝግታ ስሟን እጠራለሁ። የእያንዳንዱን ምርመራ ቅጂ ራሴ እይዛለሁ። የመጀመሪያውን ሰነድ የጻፈው ተቋም «መስማት፦ ጤናማ» የሚለውን መስመር እንዲያርም ከመሣሪያው ውጤት ጋር በጽሑፍ አመልክቻለሁ፤ ማመልከቻዬ መድረሱን የሚገልጽ ማኅተም አለኝ፤ መስመሩ ግን አሁንም በፋይሏ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አለ።