ሸማን ለሥራ ቀን

በአዲስ አበባ የሀበሻ ልብስ ዋና ገበያ ሽሮ ሜዳ ነው። እንጦጦ ግርጌ፣ ከአሜሪካ ኤምባሲ ትንሽ ከፍ ብሎ። ቅዳሜ ጠዋት ብትሄዱ በየሱቁ ደጃፍ ቀሚስና ነጠላ ተሰቅሎ ታያላችሁ። ገዢውን ግን አስተውሉት። ጂንስ፣ ቲሸርት፣ ስኒከር፣ የቤዝቦል ኮፍያ። ሻጩም እንደዚያው ነው።

እኔ የመንግሥት ቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ ከሰኞ እስከ ዓርብ የምለብሰውን ሸሚዝ በእጅ ከተሸመነ ጨርቅ ነው የማሰፋው። እንዴት እንዳደረግሁትና ምን እንደተማርኩበት ላካፍላችሁ። ልብሳችን ሲጠፋ ዝም ብሎ ማየት ያንገበግበኛል። በተለይ የወንዶቹ።

ሴቶቹ ይሻላሉ። ሠርግ፣ ክርስትና፣ በዓል ሲሆን ቀሚሱ ይወጣል። እኛ ግን እጀ ጠባቡንና ተፈሪ ሱሪውን ለሙሽራና ለሚዜ ትተነዋል። ጋቢም ቢሆን ቤት ውስጥ ሲበርደን ነው የምናስታውሰው። ከልብሱ ጋር ሌላም ነገር ሄዷል። የነጠላ አጣፋፍ ብቻውን ስንቱን ይናገር ነበር። ሐዘን ላይ ይዘቀዘቃል። ቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ይጣፋል። የሚያገለግል ሰው ያደገድጋል። ሰውየው ለቅሶ ደርሶ እየተመለሰ መሆኑ ከሩቅ ይታወቅ ነበር። ጃኬትና ጂንስ ለሠርግም ለለቅሶም ያው ነው።

ነገሩ ትናንት የመጣ አይደለም። በ1896 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 1903) ሮበርት ስኪነር የተባለ የአሜሪካ ልዑክ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራርሟል። ያኔ አሜሪካ እዚህ ከምትሸጠው ሁሉ ትልቁ የጥጥ ጨርቅ፣ አቡጀዲ የምንለው፣ ነበር። በኋላ የጃፓን ጨርቅ በርካሽነቱ አሸነፈው። የኛ ሸማኔ ግን ሁለቱንም ተቋቁሞ አለፈ። ያኔ የሚገባው ጣቃ ነው። ከአቡጀዲውም እጀ ጠባብ ይሰፋበት ነበር። ቅርጹ የኛው ነው፣ ልኩ የኛው ነው። ዛሬ የሚገባው ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ነው፤ ከነቅርጹ፣ ከነጽሑፉ።

ሰልባጁን ውሰዱ። አሜሪካና አውሮፓ ተለብሶ የተጣለው በቦንዳ ታስሮ፣ በኮንትሮባንድ በምሥራቅ በኩል ይገባል። ገጠር ድረስ ዘልቋል። ገበሬው ሰምቶት የማያውቀውን የአሜሪካ ኮሌጅ ስም ደረቱ ላይ ይዞ ያርሳል። አልፈርድበትም። ርካሽ ነው፣ ይበረክታል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም ሲሠራ የኖረው ለውጭ ገበያ ነው። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች እዚያ ነበር። በ2014 ለቆ ወጣ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ዕቃ ከምታስገባበት ዕድል፣ ታገደች። ስንት እጅ ስፌት ተማረ! ያንን ሙያ ከሸማ ጋር የሚያገናኝ ሥራ ቢኖር ብዬ ሁልጊዜ እመኛለሁ።

ወደ ራሴ ሥራ ልመለስ። መጀመሪያ ያደረግሁት ሱቁን አልፌ ሸማኔው ጋ መሄድ ነው። ከሽሮ ሜዳ ጀርባ ባሉት ሰፈሮች ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ሸማኔዎች ከነልጆቻቸው ይሠራሉ። ያገኘኋቸው ሸማኔ በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው። የሽመና ጉድጓዳቸው አፍ ላይ ተቀምጠው፣ በእግራቸው እየረገጡ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ይልካሉ።

«ጋሼ፣ ለሸሚዝ የሚሆን ጨርቅ ፈልጌ ነበር» አልኳቸው።

«ለየትኛው በዓል ነው፣ ልጄ?»

«ለሥራ ነው። በየቀኑ የሚለበስ።»

ሥራቸውን አቁመው ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ጥያቄው ተከታተለ። ታክሲ ትጋፋለህ ወይ? በሳምንት ስንት ጊዜ ይታጠባል? ከላይ ኮት ትደርብበታለህ? አንድም የበዛ ጥያቄ አልነበረም።

ስለ ጨርቁ የማውቀውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ነጠላ ሳሳ ብሎ ይሸመናል። ሸሚዝ ግን ጠበቅ ተደርጎ መመታት አለበት፤ አለዚያ ክርኑ ላይ ቶሎ ያልቃል። ድሩ የፋብሪካ ክር ቢሆን ጥሩ ነው፣ አይበጠስም። ማጉ በእንዝርት የተፈተለ ከሆነ ገላ ላይ ይለሰልሳል፣ አየር ያስገባል። ዋጋው ግን ከፍ ይላል። የሚፈትሉት እናቶች ናቸው፤ ልጆቻቸው እንዝርት አይነኩም። ነጭ ለከተማው አቧራ አይሆንም ብለው ግራጫና ደማቅ ሰማያዊ መስመር የገባበት ጨርቅ ሠሩልኝ። ጥለቱን እጅጌው ጫፍ ላይ ብቻ አደረግነው፣ ቀጠን ያለ።

ልብስ ሰፊው ጋ ያለው ፈተና ሌላ ነው። ብዙዎቹ የእጅ ሸማ መቁረጥ አይወዱም፤ ይተረተራል። መፍትሔ አለው። ጨርቁን ከመቆረጡ በፊት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አሳድሩት፣ ጥላ ላይ አድርቁት። የሚሰበሰበው ያኔውኑ ይሰበሰባል። ልክ እንደተቆረጠ ጠርዙ ኦቨርሎክ ይደረግ። ኮሌታውና የቁልፉ መስመር ጠንከር ያለ ገበር ይግባበት። ሌላው ወርዱ ነው። ሸማኔው መወርወሪያውን በእጁ ስለሚልክና ስለሚቀበል ጨርቁ ከክንዱ ርቀት አያልፍም። ደልደል ያለ ሰው ጀርባው ላይ መጋጠሚያ ያስፈልገዋል። ይህን ሰፊውም ሸማኔውም ቀድመው ይወቁ። የሚስማማችሁን አሮጌ ሸሚዝ ለልክ ይዛችሁ ብትሄዱ ብዙ ንግግር ይቀራል።

ቢሮ ለብሼው ስገባ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነበር። «ዛሬ ምን በዓል ነው?» «ሠርግ አለብህ እንዴ?» ዋናው ነገር የገባኝ ያኔ ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል። ጥምቀትን የሚያውቅ ሁሉ አባባሉን ይወደዋል፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን በዓል ብቻ የሚጠብቅ ልብስ በዓመት ስንቴ ይለበሳል? ለአንድ ቀን ለሚለበስ ነገር ማን ብዙ ያወጣል? ገዢው «ለአንድ ቀን ነው» ብሎ ከውጭ ታትሞ የመጣውን ርካሽ ይገዛል። ሸማኔው ቀናት የደከመበት ጥለት በማሽን ታትሞ መርካቶ ይወርዳል። ሸማኔውን ከገበያ የሚያስወጣው ጂንሱ ብቻ አይደለም፤ ጂንሱ የሥራ ቀኑን ሲወስድበት የታተመው ደግሞ በዓሉን ይወስድበታል። እኔ የምችለው የሥራ ቀኑን መመለስ ነው።

የታተመውን ለመለየት ጥለቱን ገልብጣችሁ እዩ። የታተመ ከሆነ በስተጀርባ ቀለሙ የደበዘዘ ነው። በእጅ የተሠራው ከኋላም ክሩ ይታያል፣ በጣት ይዳሰሳል።

ስለ ልጆች ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ልጄ አሥራ ምናምን ዓመቱ ነው፤ ከሁዲ ሌላ አይለብስም። ቁጣ አልሞከርኩም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የፋሽን ትርኢትን፣ ከነሚኒ ስከርቱ፣ የምዕራባውያን የባህል ወረራ ነው ብለው ተቃውመው ነበር። ግርግሩ ዩኒቨርሲቲውን እስከ ማዘጋት ደረሰ። ሚኒ ስከርቱ ግን አልቀረም። ስለዚህ ልጄን ሸማኔው ጋ ወሰድኩት። ጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀምጠው መወርወሪያውን አስያዙት። ከዚያ ራሱ «ከዚህ ጨርቅ ሁዲ አይወጣም?» አለ። ወጣ። ትምህርት ቤት ይለብሰዋል። አንዳንድ ዘመዶች «ይሄ ደግሞ የኛ ነው እንዴ?» ይላሉ። አዎ፣ የኛ ነው። ጥጡን የፈተለችው፣ ድሩን ያደራው፣ የሰፋው ሁሉ እዚሁ ነው እንጀራውን የሚበላው። አያቶቻችን ከአሜሪካ አቡጀዲ እጀ ጠባብ ካሰፉ፣ እኛ ከሸማ ሁዲ ብናሰፋ ምን ነውር አለው?

ውጭ ያሉ ወገኖቻችንም ገበያውን እንደያዙት ሸማኔዎቹ ይነግሯችኋል። ለሠርግና ለክርስትና ከዋሽንግተን አካባቢ ትእዛዝ ይመጣል። ሞዴሏ ሊያ ከበደ በ1999 ዓ.ም. አካባቢ የመሠረተችው ለምለም የተባለው የልብስ ድርጅት እዚህ የተሸመነ ጨርቅ አሜሪካ ውስጥ ሸጧል። እዚያ ያለ ሰው የሸማ ሸሚዝ ለብሶ ቢሮ ቢገባ ደግሞ ምን በዓል ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም።

መጀመር ለምትፈልጉ ጥቂት ልጨምር። ከፋሲካ፣ ከእንቁጣጣሽና ከጥምቀት በፊት ባሉት ሳምንታት አትሂዱ፤ ሸማኔው ፋታ የለውም። ቀብድ ስጡ፤ ክር የሚገዛው በዚያ ነው። ዋጋ ላይ ብዙ አትከራከሩ። ሸሚዙ ከሰልባጅ በብዙ ይበልጣል፣ እውነት ነው፤ ግን ታጥቦ ታጥቦ እየለሰለሰ ይሄዳል እንጂ ቅርጹን አይለቅም። በእጅ፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ሳይጨመቅ ይታጠብ።

ከሥራ ባልደረቦቼ አንዳንዶቹ አሁን የሸማኔውን ስልክ ወስደዋል። እኔ ደግሞ ለክረምት ከቡሉኮ ጃኬት ለማሰፋት ከጋሼ ጋር እየተነጋገርኩ ነው። ውፍረቱ ላይ ተስማምተናል። እኔ ዚፕ ይሁን እላለሁ፤ እሳቸው ዚፕ ጨርቁን ይበላዋልና ቁልፍ ይሁን ብለዋል። ቁልፍ ሳይሆን አይቀርም።