አልዞር ያለ የመኪና በር ቁልፍ፦ በጅማ ዝናብና አቧራ መካከል ያገኘሁት ልምድ

የምነዳው የቆየ ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ነው፤ በሮቹም የሚቆለፉት በሪሞት ሳይሆን በቁልፍ ነው። ካለፈው ክረምት ማብቂያ ጀምሮ የሾፌሩ በር ቁልፍ ይገባል እንጂ በቀላሉ አይዞርም ነበር። እንዲህ ያለ ችግር ሲያጋጥም ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናደርገው በቁልፉ ቀዳዳ ዘይት ማንጠባጠብ ነው። ዘይቱ ለጊዜው ያላላዋል፤ ነገር ግን ከጅማ ወደ ገጠር በሚወስዱን የጠጠር መንገዶች ላይ የሚነሣው ቀይ አቧራ ከዘይቱ ጋር ሲገናኝ ጭቃ ስለሚሆን፣ ቁልፉ ሲውል ሲያድር ከቀድሞው ይበልጥ ይጠብቃል። ስለዚህ ማንኛውንም ቅባት ከመጨመራችን በፊት የትኛው ክፍል እንደሚይዝ ለይተን ማወቅ አለብን ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

መለየቱ መሣሪያ አይጠይቅም። በመጀመሪያ ከውስጥ በኩል ያለውን መቆለፊያ በጣት መሞከር ይገባል፤ እርሱ ያለ ችግር እየተንቀሳቀሰ ቁልፉ ብቻ ካስቸገረ፣ ጥፋቱ ያለው ቁልፉ በሚገባበት የቁልፍ ቤት ውስጥ ነው። ሁለቱም ከጠበቁ ግን መፈተሽ ያለበት በበሩ ጠርዝ ላይ የሚገኘው፣ በሩን ዘግቶ የሚይዘው መያዣ ወይም የቁልፍ ቤቱንና የውስጥ መቆለፊያውን ከእርሱ ጋር የሚያገናኙት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ናቸው። ቀጥሎ ያንኑ ቁልፍ በተሳፋሪው በር መሞከር ጠቃሚ ነው፤ በዚያኛው በር በቀላሉ ከዞረ ቁልፉ ራሱ ደኅና ነው ለማለት ያስደፍራል። ብዙም ያልተሠራበት መለዋወጫ ቁልፍ ካለም በእርሱ መሞከር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ጥርሱ ያለቀ ቁልፍ ለቁልፍ ቀራጭ ተሰጥቶ ሲቀዳ፣ ማለቁም አብሮ ይቀዳል።

በእኔ መኪና ላይ ችግሩ የቁልፍ ቤቱ ነበር። በውስጡ በትናንሽ ሞላዎች የሚገፉ ስስ የነሐስ ሰሌዳዎች ተደርድረዋል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዱን ሰሌዳ ከሚዞረው ክፍል ጋር እኩል ያደርጉታል፤ በአቧራ ምክንያት አንዱ እንኳ ወጣ ብሎ ከቀረ፣ ቁልፉ የቱንም ያህል ቢገፋ አይዞርም። ቁልፍን በኃይል ማዞር የማይገባውም ስለዚህ ነው፤ የሚሰበረው ቁልፉ ነው፤ ስባሪውን ማውጣት ደግሞ ከመጀመሪያው ችግር የባሰ ሥራ ይሆናል።

ለማጽዳት ደብሊው ዲ 40 (WD-40) የተባለውን የሚነፋ ፈሳሽ በቀጭኑ ቱቦው ወደ ቀዳዳው ነፋሁ። ይህ ፈሳሽ በ1953 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተሠራው እርጥበትን ለማስወገድና ዝገትን ለመከላከል ነበር፤ ስለዚህ ለማጠቢያነት እጅግ ተስማሚ ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ ማለስለሻነት ግን ባልተማመንበት እመርጣለሁ። ከነፋሁ በኋላ ቁልፉን እያስገባሁ፣ እያወጣሁና በጨርቅ እየጠረግሁ፣ ቀይ ቡናማ ቆሻሻ መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ደጋገምሁት። ከዚያም ጎሚስታ ዘንድ በኮምፕረሰር አየር አስነፍቼ በደንብ እንዲደርቅ አደረግሁ። ከደረቀ በኋላ የተጠቀምሁት ግራፋይት፣ ማለትም በእርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ማዕድን ነው። የግራፋይት ዱቄት ላላገኘ ሰው የለስላሳ እርሳስ ጫፍ በቁልፉ ጥርሶች ላይ ደጋግሞ ማሸት ይበቃል፤ ጠንካራ እርሳስ ብዙ ሸክላ የተቀላቀለበት በመሆኑ ለዚህ አይመረጥም። ግራፋይት ደረቅ ስለሆነ አቧራ አይስብም፤ ዘይት ባልደረቀበት ቦታ ላይ ከተጨመረ ግን ተመልሶ ሊጥ ይሆናል።

የኋላው የግራ በር ጉዳይ የተለየ ነበር፤ የጠበቀው የጠርዙ መያዣ ነው። እርሱን በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጥቤ፣ ጋዙ ቀለሙንና ጎማውን እንዳይነካ ጨርቅ ከሥር ይዤ፣ ከደረቀ በኋላ ነጭ የሊቲየም ግሪስ በስሱ ቀባሁት። የውስጥ ሽፋኑን ማውጣት ለሚፈልግ ሰው አንድ የሚጠቅም ዘዴ አለ፦ የመስታወት ማዞሪያው እጀታ ከኋላው በትንሽ የሽቦ ቀለበት የተያዘ ስለሆነ፣ በእጀታውና በሽፋኑ መካከል ጨርቅ አስገብቶ ወዲያና ወዲህ መሳብ ቀለበቱን ያስፈነጥረዋል። ከሽፋኑ ጀርባ ያለው ፕላስቲክ መቀደድ የለበትም፤ ሥራው ሲያልቅም ተመልሶ መለጠፍ አለበት፤ አለዚያ የዝናቡ ውኃ ወደ መኪናው ወለል ይገባል።

ከሁሉም በላይ ትኩረት እንድትሰጡት የምለምናችሁ ግን ከበሩ ታችኛ ጠርዝ ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች ነው። ዝናብ ሲዘንብ በመስታወቱ ጎማ በኩል የተወሰነ ውኃ ወደ በሩ ሆድ መግባቱ የማይቀር ነው፤ በሩም የተሠራው ያ ውኃ በእነዚህ ቀዳዳዎች እንዲወጣ ታስቦ ነው። በጅማ ዝናቡ ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ መስከረም ማለፊያ ስለሚዘልቅ፣ ቀዳዳዎቹም በቀይ ጭቃ ስለሚደፈኑ፣ ውኃው በውስጥ ተኝቶ ዘንጎቹን፣ መያዣውንና ላሜራውን ያዝጋል። የእኔን በቀጭን እንጨት ስከፍታቸው ከሁለቱ የኋላ በሮች ውኃ ፈሰሰ፤ የመያዣው መዛግ ምክንያትም ያን ጊዜ ግልጽ ሆነልኝ። ቀዳዳዎቹን በብረት መቧጨር ቀለሙን ስለሚያነሣ እንጨት ይሻላል። አሁን መኪናዬ በታጠበ ቁጥር አያቸዋለሁ።

የሾፌሩ በር ቁልፍ ዛሬ በሁለት ጣት ይዞራል። የኋላው በርም ይቆለፋል፤ ሆኖም ዘንጉን የሚይዘው ፕላስቲክ ከእርጅና የተነሣ ስለተሰነጠቀ፣ ቀጣዩ ሥራዬ እርሱን መለወጥ ነው። ለቆየ ኮሮላ የሚሆን እንዲህ ያለ የዘንግ መያዣ እዚሁ ጅማ ከሚገኙ የመለዋወጫ ሱቆች ያገኛችሁ ካላችሁ ብትጠቁሙኝ፣ በአዲስ አበባ ከማፈላለጌ በፊት እዚሁ እሞክራለሁ።