ውዳሴ ከንቱን በጆግና በሳፋ

ሰው ንስሐ ሲገባ መጀመሪያ የሚለቀው በዓይን የሚታየውን ኃጢአት ነው። መጠጡ ይቀራል፣ ስድቡ ይቀንሳል፣ ጾሙ ይያዛል፣ እሑድ ማስቀደስ ይለመዳል። ቀጥሎ የሚመጣውን ግን አስቀድሞ የሚነግር ጥቂት ነው። በተጠረገው ቤት ትዕቢት ይገባና ጾሙን ራሱን ቀለብ ያደርገዋል። የእኔ ትግል ከዚህ ወዲህ ያለው ነው። ብዙ ሞክሬ ብዙውን ጥያለሁ፤ እዚህ የማሰፍረው በእጄ የቀረውን ነው፣ ያልሠራውንም ለምን እንዳልሠራ።

በመጀመሪያ መለየት ያስፈልጋል። ትዕቢት «እበልጣለሁ» ይላል፣ ውዳሴ ከንቱ «እዩልኝ» ይላል። ትዕቢተኛ ሰውን ስለሚንቅ ብቻውንም ይኖራል። ውዳሴ ከንቱ የያዘው ግን ተመልካች ያጣ ዕለት ሥራው ሁሉ ይከብደዋል። መለያዬ አንድ ጥያቄ ናት፦ ይህን ማንም ባያውቅልኝ አደርገው ነበር? መልሱ «እንጃ» ከሆነ የያዘኝ ሁለተኛው ነው። በቤተ ክርስቲያን አካባቢ በምንውል ሰዎች ላይ የሚበረታውም እሱ ነው፤ ነጠላም ለብሶ ይመጣል፣ ትሕትናም ለብሶ ይመጣል።

ያልሠራውን ላስቀድም። ቁጭ ብሎ «እኔ ምናምንቴ ነኝ» እያሉ ማሰብ አልሠራም። ምክንያቱን ቆይቼ ነው የተረዳሁት፤ ራሴን ስንቅም ስክብም ውዬ የማድረው ከራሴ ጋር ነው። ገዳም የገባ ሰው መጀመሪያ የሚታዘዘው ውኃ እንዲቀዳ፣ እንጨት እንዲሰብር፣ ለአረጋውያን እንዲላላክ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስን በመሰለ የአቡነ ኢየሱስ ሞአ ገዳም ደጅ ለደረሰ ይህ እንግዳ አይደለም። የዋድላ ቅኔ ተማሪም እንዲሁ ነው። ማታ መምህሩን ያስደነቀ ቅኔ የቆጠረ ልጅ በማግሥቱ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየጮኸበት «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ጭንቅላቱ እንዳያብጥ እግሩን ያስኬዱታል። እኔም ከሐሳብ ወደ እጅና ጉልበት ከወረድኩ በኋላ ነው አንድ ነገር የተነቃነቀልኝ።

ስግደትን እንውሰድ። ልክ የሚሰጠው የንስሐ አባት ነው፤ ራሱ ለራሱ የቆረጠ ሰው ወይ ያበዛል ወይ ያሳንሳል። ጀማሪ ከሆኑ በቀን 12 ይበቃል። 41 ብሎ ተነሥቶ በሳምንቱ ያቆመ ብዙ ነው፤ ያቆመ ሰው ደግሞ ወይ ተስፋ ይቆርጣል ወይ የማይሰግዱትን መንቀፍ ይጀምራል። ቆሞ ማማተብ፣ ሁለቱን ጉልበት ማሳረፍ፣ እጅን መትከል፣ ግንባርን መሬት ማስነካት፣ ከዚያ ሳይጣደፉ መነሣት ነው። በየአንዱ አንድ «አቤቱ ማረኝ» ይበቃል። የደሴ ሌሊት ከጦሳ ተራራ የሚወርድ ብርድ አለው፤ ሲሚንቶ ላይ መስገድ ጉልበት ይፈጃልና ሰሌን ወይም ቁርበት ይነጠፍ። መቁጠሪያ መልካም ነው፤ እኔን ግን አንገቴ ላይ ስትታይ አታለለችኝ። አሁን 12 ፍሬ ሽምብራ ከአንዱ ሲኒ ወደ ሌላው አዛውራለሁ፤ ሽምብራ ይዞ የተደነቀ ሰው አላየሁም። ቅዳሜና እሑድ፣ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በዓለ ሃምሳ፣ ቅዱስ ቁርባን በተቀበሉበትም ቀን የንስሐ ስግደት የለም። «እኔ አልለቅም» ብሎ በእነዚያ ቀናት የሚሰግድ ሰው ሥርዓቱን ለራሱ ፈቃድ አስገዝቷል፤ ጉልበቱ ወርዶ ልቡ ቆሟል ማለት ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ ትንሽ ደብተር ነው። ቃል አልጽፍባትም። «ው» ለውዳሴ ከንቱ፣ «ቅ» ለቅናት፣ «ሐ» ለሐሜት፣ «ቂ» ለቂም። ነገሩ በሆነበት ሰዓት አንድ ሰረዝ፣ ማታ ሳይተኙ ቆጠራ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰረዙ እየበዛ ይሄዳል፤ ዓይን ስለተከፈተ እንጂ ሰው ስለከፋ አይደለም። ብዙዎች እዚህ ላይ ይደነግጡና ይተዋሉ። ከሁሉ የሚጠቅመኝ ቁጥሩ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። «ው» ሁልጊዜ የሚበዛው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ ሲሳሳም ከሆነ በሽታው የት እንዳለ ታወቀ። መድኃኒቱም ይታወቃል፤ ወረብ ያወጣ፣ መዝሙር የመራ፣ ስብከት የሰጠ ሰው ያን ዕለት በጎን በር ቶሎ ይውጣ። ደብተሯ ከኑዛዜ በኋላ ትቃጠላለች። ካልተቃጠለች ራሷ መመኪያ ትሆናለች፤ «እኔ እንኳ ኃጢአቴን እጽፋለሁ» የምትል ድምፅ ትመጣለች።

ኑዛዜ ላይ የሚበላሸው ነገር አንድ ነው፦ ጥቅል ቃል። «አባቴ ትዕቢተኛ ነኝ» ማለት አያሳፍርም፤ እንዲያውም ደስ ይላል፣ መንፈሳዊ ያሰኛል። የሚያሳፍረው ዝርዝሩ ነው። «ይፍቱኝ አባቴ። ሐሙስ ዕለት ማኅበር ላይ ሌላው ሲመሰገን ፊቴን አዞርኩ፤ በኋላም ጉድለቱን ለሁለት ሰው ነገርኩ» ቢባል ካህኑ የሚይዙት ነገር ያገኛሉ። የት፣ ከማን ጋር፣ ስንቴ፣ በምን ቃል። የሌላውን ስም መጥራት አያስፈልግም፣ ምክንያት መደርደርም አያስፈልግም። እኔ ከ5 ደቂቃ በላይ ካወራሁ ራሴን መከላከል እንደጀመርኩ አውቃለሁ። ቀኖናውም «አነሰ» ሳይሉ መቀበል ነው። 7 ቀን አቡነ ዘበሰማያት ብቻ የታዘዘ ሰው «እኔን በዚህ?» ካለ በሽታው እዚያው ላይ ታየ።

ጾምን በተመለከተ አደገኛው ረቡዕና ዓርብ ወይም ሁዳዴ አይደለም፤ እነዚህ የሁሉም ናቸው፣ ማንም አያጨበጭብም። የሚያስቸግረው የፈቃድ ጾም ነው። ጾመ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ 40 ቀን ነው፤ ግዴታ ስላልሆነ የያዘው ሰው ጥቂት ነው፣ ጥቂት ስለሆነም ይታያል። ወሎ ላይ ደግሞ ጎረቤት «ብላ፣ ብይ» ሳይል አያሳልፍም። የእኔ ልማድ «አልበላም» ከማለት በፊት ከቀረበው የጾም ነገር ፈልጎ መቁረስ ነው፤ ሽሮም ምስርም አይጠፋም። ከሌለ ቡናውን ጠጥቶ «ጠግቤአለሁ» ሳይሉ (ውሸት ነውና) «ቡናው ይበቃኛል» ማለት ነው። በቀጥታ ከተጠየቅኩ «አዎ ጾም ነው» ብዬ ወሬውን እለውጣለሁ። መደበቁም ሲበዛ ትርኢት ይሆናል።

ግሸንም እንዲሁ ነው። መስከረም 21 አምባሰል ወጥቶ የመስቀሉን አምባ የተሳለመ ሰው በረከት ይዞ ይመለሳል፣ እንዲሁም ቁጥር ይዞ ይመለሳል። «ስንተኛህ ነው?» የምትባለው ጥያቄ ስንቱን አፍርሳለች። የእኔ ደንብ አጭር ነው፦ ቁጥሩን አልናገርም፣ ፎቶም ለ40 ቀን አልለጥፍም። 40 ቀን ሲያልፍ ደግሞ መለጠፉ ራሱ ያስጠላል። አቀበቱን ስንወጣ አንድ አሮጊት ደክመው ተቀምጠው ካየሁ የእሳቸውን ኮዳ ይዤ በእሳቸው እርምጃ መውጣት የጉዞው ዋና ክፍል ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ሁሉ ቀድሞ አልተሳለመም።

ሐሜት በቡና ሰዓት ይፈላል። አቦል እስኪቀዳ የቤቱ ጉዳይ ይወራል፣ ቶና ላይ የሌለ ሰው ይነሣል፣ በረካ ላይ ይታረዳል። «ሐሜት አትስሙ» ብሎ መገሠጽ ሁለት ኃጢአት ያደርገዋል፤ እነሱ አሙ፣ እኔ ተመጻደቅሁ። የሚሠራልኝ ተነሥቶ ሲኒ መሰብሰብ ወይም ከሰል መጨመር ነው። ስመለስ ስለ ሰውዬው የማውቀውን አንድ እውነተኛ መልካም ነገር እናገራለሁ፤ ከሌለኝ ዝም። ለቀናሁበት ሰው ደግሞ 7 ቀን በየማታው አንድ አቡነ ዘበሰማያት በክርስትና ስሙ እደግምለታለሁ፤ ክርስትና ስሙን ካላወቅሁ ወይም ሙስሊም ከሆነ በሚጠራበት ስም። በሦስተኛው ቀን ብዙ ጊዜ ልብ ይቀዘቅዛል። ካልቀዘቀዘ ሳምንቱን መድገም ነው።

አሁን ወደ ጆጉና ወደ ሳፋው። ጽዋ ማኅበር ሲጠጣ፣ ተዝካር ሲወጣ፣ ሠርግ ሲደገስ፣ እጅ የሚያስታጥብ ሰው ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ለልጆች ይተዋል፤ ሰው ሁሉ ወደ ላይኛው መቀመጫ ይመለከታልና። ሉቃስ ምዕራፍ 14 ላይ ጌታ ስለ ሠርግ መቀመጫ የተናገረውን ለመፈጸም ከታች ተቀምጦ «ወደ ላይ ና» የሚሉትን መጠበቅም አለ፤ እኔ ሞክሬዋለሁ፣ ዓይኔ በሩ ላይና ሙሴው (የማኅበሩ መሪ) ላይ ዋለ። ጆግ የያዘ ሰው ግን መቀመጫ የለውም፤ ጥያቄው ራሱ ይቀራል።

ሥራው ቀላል ይመስላል፣ ልክ አለው። ውኃው ለብ ያለ ይሁን፣ በተለይ ከምግብ በኋላ፤ ቅባት በቀዝቃዛ አይለቅም። ሳፋው በግራ፣ ጆጉ በቀኝ፣ ፎጣው ትከሻ ላይ። ካህናቱና ሽማግሌዎቹ ይቀድማሉ። ጎንበስ የሚባለው ሳፋው ከተቀመጠው ሰው ጉልበት በላይ፣ ከእጁ ትንሽ ዝቅ እስኪል ነው፤ ቆሞ ከላይ ካፈሰሱት ውኃው ልብሱ ላይ ይረጫል። በቀጭኑ ማፍሰስ፣ ሳሙና ሲያነሣ ማቆም፣ አረፋው እስኪለቅ እንደገና ማፍሰስ፣ ፎጣውን ማቅረብ። 2 ሊትር ጆግ ከ8 እስከ 10 ሰው ያስታጥባል፤ ሳፋው ግማሽ ሳይሞላ መድፋት ነው፣ ከሞላ ይከብዳል፣ እጅም ይንቀጠቀጣል። በዚህ መሐል ዓይን የሚውለው እጅ ላይ ነው። ያረሰ እጅ፣ ሊጥ ያቦካ እጅ፣ አንድ ጣቱ የጎደለ እጅ፣ ገና ሕፃን የሆነ እጅ እያዩ ስለ ራስ ለማሰብ ጊዜ አይገኝም። ይህን ያህል ቀላል ነው።

የሚበላሸው ሲመረቁ ነው። «እሰይ! ትሕትና ማለት እንዲህ ነው» የሚሉ አባት አይጠፉም። «ኧረ እኔ ምን አለኝ» ማለት ሁለተኛ ምስጋና መጥራት ነው፤ እሳቸውም ጨምረው ይመልሳሉ። «አሜን» ብሎ ወደሚቀጥለው ሰው ማለፍ ብቻ። ሌላው ጥፋት ሥራውን ርስት ማድረግ ነው። አንድ ቀን ሌላ ሰው ጆጉን ቀድሞ ሲያነሣ ቅር ካለኝ ጆጉም ዙፋን ሆኖብኛል፤ ያን ጊዜ ተቀምጬ እታጠባለሁ።

መታጠቡ ደግሞ ከማጠቡ ይከብዳል። ጸሎተ ሐሙስ ሕፅበተ እግር ሲሆን ካህናቱ በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ያን ዕለት ወደ ኋላ የሚያፈገፍግ ሰው ብዙ ነው፤ እንደ ጴጥሮስ «አንተ የእኔን እግር?» ማለት ትሕትና ይመስላል። ዕርዳታ መቀበል፣ ሲታረሙ «እውነት ነው» ማለት፣ በበሽታ ጊዜ ሌላው ልብስ ሲያጥብልን ዝም ማለት ከዚያው ወገን ነው። እኔ በዚህ ገና ደካማ ነኝ።

ይቅርታ መጠየቅን መጨረሻ የማስቀምጠው ከሁሉ የሚከብድ ስለሆነ ነው። «አጥፍቼ ከሆነ ይቅርታ» ይቅርታ አይደለም፤ «ከሆነ» የምትለው ቃል ሁሉን ታፈርሳለች። በአዘቦት ቀን፣ ባዶ እጅ (ስጦታ አፍ ይዘጋል)፣ ሰው በሌለበት ሄዶ ያደረጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ነው። «ባለፈው ሰኞ ገበያ ላይ ዋጋህን ሰው ፊት አጣጥዬብሃለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ከዚያ ዝም። የእኛ አገር ጎረቤት ግማሹ ሙስሊም ነውና ብዙ ጊዜ መልሱ «አፉ ብያለሁ» ይሆናል፤ ቡናም ይከተላል። መልሱ ያ ባይሆን፣ ቢቆጡም፣ የመጣሁበት ሥራ አልቋል፤ ይቅር ማለት የእነሱ ነው፣ ቀን ይፈልጋል። ለሃይማኖት ወገን ብቻ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ገና መደበኛውን ዕዳ አልከፈለም።

በዓለ ሃምሳ ሲገባ ሽምብራዬን ወደ ሲኒው እመልሳለሁ። ስግደት የለም፣ ጾም የለም፣ ሠርግና ማኅበር ግን ይበዛል። ለነዚያ 50 ቀናት ከንስሐ አባቴ የተቀበልኩት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ከመብላቴ በፊት አስታጥባለሁ፣ ከበላሁ በኋላ ሳፋውን አጥቤ ደፍቼ እሄዳለሁ።